ልጃችንን «ጦሳ» ብንለው ይከብደዋል?

የኮምቦልቻዋ አራስ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ወንድ ልጅ ወልጄ አራስ ቤት ነኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለታችንም ደህና ነን። አቂቃው፣ የልጁ የስም ማውጫ ድግስ፣ ቅዳሜ ነው። በጎቹ ተገዝተዋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፣ ስሙ ግን ገና አልተቆረጠም።

ባለቤቴ ተወልዶ ያደገው ደሴ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ብንኖርም ልቡ እዚያው ነው። ከመውለዴ በፊት ጀምሮ አንድ ስም ይዟል፦ ጦሳ። አዎ፣ የደሴው ተራራ። አባቱ ጠዋት ከቤት ሲወጡ መጀመሪያ ቀና ብለው የሚያዩት ጦሳን ነበር። ጉም ከለበሰ ጋቢ ይደርባሉ፣ ጥርት ካለ በኮት ብቻ ይወጣሉ። ባለቤቴ ይህን ስንት ጊዜ እንዳወራኝ። «አባቴንም ከተማዬንም በአንድ ስም እጠራለሁ» ይላል።

እኔም ስሙን ስሰማው ደስ ይለኛል። አጭር ነው፣ ወንድ ወንድ ይላል። ሌላም ምክንያት አለኝ። እናቴ ክርስቲያን ናት፣ አባቴ ሙስሊም ነው። ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። እናቴ የልጅ ልጇን ስትጠራ ባዕድ የማይሆንባት፣ የባለቤቴም ወገን ቅር የማይለው ስም ቢሆን እወዳለሁ። ተራራ ደግሞ የሁሉም ነው።

ችግሩ አማቴ ናቸው። ስሙን የሰሙ ጊዜ ሕፃኑን ታቅፈው ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ፎጣውን በአንገቱ ዙሪያ ጠጋ ጠጋ አድርገው መልሰው ሰጡኝና ገንፎውን ሊያገላብጡ ሄዱ። ማታ ላይ ልጃቸውን ለብቻው ጠርተው «ልጁ የጦስ ዶሮ ነው ወይ?» አሉት። እሳቸው የሚፈልጉት በአያቱ በእንድሪስ ስም እንዲጠራ ነው።

ስሙ ሙሉውን ሲጠራ «ጦሳ ሰይድ እንድሪስ» ይሆናል። ምን ትላላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

ሲስተር ከደሴ

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! በሽልም ያውጣሽ ብለን ሳንጨርስ ወልደሽ ጠበቅሽን። ልጁን አላህ ያሳድግልሽ።

እኔ የምሠራው ማዋለጃ ክፍል ነው። ያልተለመደ ስም በየቀኑ እሰማለሁ። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ «ማን?» ብሎ ያስደግምና ሁለተኛ ጊዜ ይለምደዋል። አገር ምድሩን ለልጅ ስም ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። አባይ የሚባል ሰው የማያውቅ አለ? ጊዮን አለ፣ ዳሸን አለ። ጣና የምትባል ልጅም አውቃለሁ። አባይ መጀመሪያ ለሰው ሲሰጥ የሆነ ሰው ሳይገርመው አልቀረም። እኔ በስሙ ምንም አላየሁበትም።

አሁን ግን አንቺ አራስ ነሽ። በዚህ ነገር እንቅልፍ እንዳታጪ። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ።

ፒያሳ ላይ ያደግኩ

ጦሳ! እኔ አሁን ራቅ ብዬ ነው የምኖረው። ስሙን ሳነበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሃል ላይ እኛ። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ሳያይ አልነጋለትም።

የዛሬ ልጆችን ስም እዩት እስቲ። አንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ ተመሳሳይ ነው። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ስም ከአንድ ቦታ የተቀዳ ይመስላል፤ የት ተወልዶ የት እንዳደገ አይናገርም። ጦሳ የሚባል ልጅ የትም ቢሄድ «የደሴ ልጅ ነህ?» ይባላል። ይሄ ለልጅ ትልቅ ስንቅ ነው። አማትሽን በፍቅር አሳምኚያቸውና ያዢው። እንዳትለቂው!

የአንደኛ ክፍል መምህርት

እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ግን ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው፣ ምክንያቱም ስም ጠርቼ የማድር ሰው ነኝ።

ስም መዝገብ ላይ ሌላ ነው፣ የልጆች አፍ ውስጥ ሌላ ነው። ልጆች ስምን እንዳለ አይጠሩትም። ወይ ያሳጥሩታል፣ ወይ ቅጽል ይለጥፉበታል። ስለዚህ እኔ ወላጅ ሲጠይቀኝ ሁለት ነገር አስደርገዋለሁ። አንደኛ፣ አቆላምጠህ ጥራው። ሁለተኛ፣ ተቆጥተህ ጥራው።

እስቲ ጦሳን አቆላምጪው። ጦስዬ? ጦሲ? ጡት እያጠባሽ «ጦስዬ» ልትዪው ነው? አፍሽ ላይ ሲመጣ ራስሽ ትሰሚዋለሽ። አማትሽም የሰሙት እሱን ይመስለኛል። ልጆቹ ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርሱ ያገኙታል። አንድ ቀን ክፍሉ በሙሉ ሲቀጣ «በጦሳ ጦስ ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ማን ያስተዋቸዋል?

ስም የሚሰደብበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ሲጠራ «አቤት» ማለት ያቆማል። ተቀምጦ እጁን ብቻ ያወጣል። በተለይ ዝምተኛ ልጅ። ደፋር ከሆነ ይመልስላቸዋል፣ ያልፈዋል። ግን ሕፃን ገና የትኛው እንደሚሆን አይታወቅም።

ተራራውን አልጠላሁም፣ እኔም የወይዘሮ ስህን ተማሪ ነበርኩ፣ ጦሳን እያየሁ ነው ያደግኩት። ጆሮ ላይ ያለውን ነው የነገርኩሽ።

ዘመቻ

የጻፍኩት ስም የብዕር ስም አይደለም፣ የመታወቂያዬ ስም ነው። የተወለድኩት በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ ነው። ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ሲዘምት አባቴም ዘማች ስለነበር እኔ ዘመቻ ተባልኩ። በእኛ ዕድሜ አብዮት የሚባል በየሰፈሩ አለ፤ ዘመቻ ግን ያን ያህል አይገኝም።

መምህርቷ ያለችው እውነት ነው። «ዘመቻ ወዴት ነው?» የሚለውን እስክጠግብ ሰምቻለሁ። ጎረምሳ ስሆን ላስቀይረው ሁሉ አስቤ ነበር። አሁን አምሳ ዓመት አልፎኛል፣ ስሜን በሌላ አልለውጠውም። ምን እንዳስወደደኝ ልንገርሽ። እናቴ ስትጠራኝ በሙሉ አፏ ነበር የምትጠራኝ። ከግቢው ጫፍ «ዘመቻዬ!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል። አንድም ቀን አፍራበት አታውቅም። ልጅ ስሙን የሚወደውም የሚጠላውም ከቤት ነው። ውጭ ያለውን ይችለዋል።

ስለዚህ የእኔ ስጋት የትምህርት ቤት ልጆች አይደሉም፣ አማትሽ ናቸው። ልጁን ቀን ከሌት የሚይዙት እሳቸው ናቸው አይደል? እየከበዳቸው ከጠሩት ይሰማዋል። ሕፃንም ቢሆን ይሰማዋል።

አንድ ነገር ሞክሩ። እስከ አቂቃው ድረስ ቤት ውስጥ በዚህ ስም ጥሩት። ክርክር የለም፣ ማስረዳት የለም። መጥራት ብቻ። ከዚያ ማን እንዴት እንደሚጠራው አድምጪ።

የኮምቦልቻዋ አራስ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ሲስተር፣ እየበላሁ ነው፣ በዚህ አያስቡ።

መምህርት፣ አቆላምጬ ሞከርኩት። እውነት ለመናገር «ጦስዬ» የሚለው ከአፌ አልወጣ አለ። «ጦሳዬ» ሲሆን ግን ያምራል። ባለቤቴ «እንግዲያው ጦሳዬ በሉት፣ አታሳጥሩት» ይላል። ጋሽ ዘመቻ፣ የእርስዎን ምክር ለባለቤቴም ለአማቴም ነግሬያለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እየጠራነው ነው።

የቦሩ ሜዳው

ልጄ፣ እንኳን ፈጣሪ በሰላም ገላገለሽ።

አማትሽን ከልማድ ጋር የተጣበቁ ሴት አድርገሽ እንዳታዪአቸው። በእኛ ዘመን ልጅ ሲታመም ዶሮ በራሱ ላይ አዙረን «ጦሱን ይዘሽ ሂጂ» ብለን እንጥል ነበር። ስንት ሕፃን በኩፍኝና በፈንጣጣ የሄደበት ዘመን ነው። ያን ቃል ከሕፃን ማራቅ ለእሳቸው ልጁን መጠበቅ ነው። አንቺም ብትሆኚ በዚያ ዘመን ወልደሽ ቢሆን ይከብድሽ ነበር።

ሌላውን ሐሳብሽን ግን ወድጄዋለሁ። ለሁለቱም ወገን የሚሆን ስም ያልሽውን። ወሎ ስም ብዙ ያስከፈለው አገር ነው። እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ በ1870 የአፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ሲደረግ፣ ሙስሊሙ ተጠመቅ ተብሎ ከዚያ በኋላ ስንቱ ስሙን ቀየረ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ሳይጠመቁ በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። ሕዝቡ ግን በራሱ መንገድ አስታረቀው። ዛሬ በአንድ መታወቂያ ላይ ተስፋዬ ይማም፣ መሐመድ ገብሬ ታገኛለሽ። የልጁ ከአንዱ፣ የአባቱ ከሌላው። ማንም አይገረምም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ለአማትሽ ይህን ንገሪያቸው፦ እንድሪስ አይጠፋም። የአያት ስም ሆኖ በመዝገቡም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በመታወቂያውም ከልጁ ጋር ይኖራል። ምናልባት ይህን ቀስ ብሎ የነገራቸው ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ ባለቤትሽ ከተማውን ነው የሚፈልገው። ከሆነ ለምን ደሴ አትሉትም? ደሴ የወንድ ስም ነው፣ ድሮም ነበረ። በእኛ ሰፈር ደሴ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አሁን ወጣቱ ስለተወው ያልተለመደ መሰለ እንጂ።

ከሶዶ የመጣሁ

እዚህ መድረክ ላይ ብዙም አልጽፍም፣ ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። እኔ የወላይታ ልጅ ነኝ። ለሥራ ብዬ ነው ኮምቦልቻ የመጣሁት።

ላስደነግጣችሁ ፈልጌ አይደለም። በወላይትኛ ጦሳ ማለት እግዚአብሔር ማለት ነው። የምንጸልየው በዚህ ስም ነው፣ የምናመሰግነው በዚህ ስም ነው። መጀመሪያ ደሴ ስሄድ ሰው ሁሉ ወደ ተራራው እያሳየ «ጦሳ፣ ጦሳ» ሲል ቆሜ ቀረሁ። አሁን ለምጄዋለሁ። የቦታ ስም መሆኑ ገብቶኛል፣ የሁለቱ ቋንቋ አጋጣሚ ነው።

ልጁ ወሎ ውስጥ ብቻ ከኖረ ማንም ይህን አያነሳበትም። ግን የዛሬ ልጅ የት እንደሚማር፣ የት እንደሚመደብ አይታወቅም። ወላይታ ወይም ጋሞ ቢሄድ ስሙን በተናገረ ቁጥር ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። ከእኛ ጋር አንድ ሠፈር ብትኖሩ እኔ ራሴ ልጁን «ጦሳ፣ ና ወዲህ» ለማለት ይከብደኛል። እናንተ ብትሆኑ ይከብዳችሁ አልነበር?

ፒያሳ ላይ ያደግኩ

ወንድሜ ስለነገርከን አመሰግናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ግን በሰማንያ ቋንቋ አገር ውስጥ የትኛው ስም ነው የትም ቦታ ሌላ ትርጉም የማይኖረው? እንዲህ እያልን ከሄድን ልጅ ስም አልባ ይቀራል። ልጁ የሚያድገው የሐረጎን ዳገት እየወጣ እየወረደ፣ በአያቱ ከተማና በአባቱ ቤት መካከል ነው። እኔ አሁንም ጦሳ እላለሁ።

የሸዋ በር ልጅ

ማሻአላህ፣ አላህ ሷሊህ ልጅ ያድርገው።

እንደ ሙስሊም ቤተሰብ ላነሳው። በዲናችን ወላጅ ለልጁ መልካም ስም ማውጣት አለበት። ስሙ ዓረብኛ ካልሆነ የሚል ግዴታ የለም። የወሎ ሙስሊም ይመር እያለ፣ አራጋው እያለ ኖሯል። የአላህ ብቻ የሆነ ስም ግን ለሰው እንዳለ አይሰጥም። ለዚያ ነው «አብዱ» እያልን የምናስቀድመው። አሁን እናንተ በአማርኛ ተራራውን ነው ያሰባችሁት፣ ኒያችሁ ንጹሕ ነው። ቢሆንም ይህን ከሰማችሁ በኋላ ልባችሁ ውስጥ ጥርጣሬ ከገባ፣ ሰፊ ነገር እያለ ለምን በጥርጣሬው ትቆያላችሁ? ቤታችሁን የሚያውቁ ሸህ ካሉ ጠይቋቸው። አቂቃ ላይ ለዱዓ የሚመጡት እሳቸው አይደሉ? ቅዳሜን ሳትጠብቁ ዛሬ ደውሉላቸው።

የአንደኛ ክፍል መምህርት

የቦሩ ሜዳው አባቴ ያሉትን «ደሴ» በእኔ መንገድ ሞከርኩት። አቆላምጬ፦ ደስዬ፣ ደሴዋ። ተቆጥቼ፦ «ደሴ! ተቀመጥ!» ሁለቱም ይሄዳል። ልጆቹ ቢያሾፉ የሚሉት «ከደሴ ነው የመጣኸው?» ነው። ይሄ ደግሞ እውነት ነው፣ አይጎዳውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ልጁ ነገ አባት ይሆናል። ያን ጊዜ ስሙ የልጆቹ የአባት ስም ነው። «ፋጡማ ጦሳ»፣ «ፋጡማ ደሴ» ብላችሁ ጥሩት። ለሕፃን ብቻ የሚያምር ስም ሳይሆን አንድ ትልቅ ሰው ተሸክሞት ለሌላ የሚያስተላልፈው ስም ነው የምታወጡት።

የኮምቦልቻዋ አራስ

ተቆረጠ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

እየጠራነው ሰነበትን። እኔ «ጦሳዬ» እላለሁ፣ ባለቤቴ «ጦሳ» ይላል፣ እናቴም እየሳቀች ትጠራዋለች። አማቴ ግን አንድም ቀን በስሙ አልጠሩትም። «ጌታዬ» ይሉታል፣ «የኔ ዓለም» ይሉታል፣ «ይሄ ልጅ» ይሉታል። ጎረቤት ገብታ «ማን አላችሁት?» ስትል ከእኛ ቀድመው «ገና ነው» ብለው መለሱ። ባለቤቴ ያን ሲሰማ አብሮኝ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን።

ከሶዶ የመጣኸው ወንድሜ፣ የጻፍከውን አነበብኩለት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም በላይ የነካው ያንተ ነው። የእናቱን «ልማድ ነው፣ ይለመዳል» ይል ነበር። ያንተን ግን ስልኩን ተቀብሎኝ ደግሞ ራሱ አነበበው። «ሰው በሚጸልይበት ስም ልጄን ሂድ ና አልለውም» አለ። ሸሁም ጋ ተደወለ፣ እሳቸው «መልካሙን ሁሉ ምረጡ፣ ደሴም መልካም ነው» አሉ።

የአባቱን ነገር ግን እንዲሁ መተው አልቻለም። ስለዚህ የቦሩ ሜዳው አባታችን እንዳሉት እናቱ ጋ ቁጭ ብሎ አስረዳ። እንድሪስ የአያት ስም ሆኖ እንደሚቀጥል፣ ልጁ መታወቂያ ሲያወጣም የአያቱ ስም እንደሚኖር። አማቴ ይህን የሚያውቁት ነገር ነው፣ ግን ከልጃቸው አፍ መስማት ፈልገው ነበር መሰለኝ። «ደሴ ሰይድ እንድሪስ» ብሎ ሙሉውን ጠራላቸው። እሳቸው ደግመው ጠሩት። ከዚያ ሕፃኑን ከእኔ ላይ ወስደው «ደሴዋ፣ ደሴዋ» እያሉ ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ፒያሳ ያደግከው ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ጦሳን አልተውነውም። አቂቃው ካለፈ በኋላ ልጁ ከፍ ሲል ይዘነው ተራራው ላይ እንወጣለን፣ አባቱ ቃል ገብቷል።

አሁን ቅዳሜ በጉ ይታረዳል፣ ስሙም ደሴ ነው። የሚቀረኝ ጥያቄ የመዝገብ ጉዳይ ነው። ቀበሌ መቼ ልሂድ? ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሰው እንደ ከተማው በሁለት ኤስ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ በአንድ። የቱ ይሻላል?

ፒያሳ ላይ ያደግኩ

ልቀየም እንዴ! እኔ ጦሳን ብመርጥም እሳቸው በደስታ የሚጠሩት ስም ከእኔ ምርጫ ይበልጣል። ደሴም ከተማዬ ነው። አላህ ያሳድገው። ልትወጡ ስታስቡ ከመስከረም በኋላ ይሁን፣ ክረምት ላይ ጉሙ ምንም አያሳያችሁም፣ መንገዱም ጭቃ ነው።

መዝገብ ላይ የምሠራ

እንኳን ደስ ያላችሁ። ጥያቄሽን እኔ ልመልስ፣ በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

ልደት የሚመዘገበው ልጁ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጁ ቁጥር 760/2004 ይላል። የወለድሽበት ጤና ተቋም የሰጠሽን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት እንዳትጥዪው። እሱንና የሁለታችሁን መታወቂያ ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ቀበሌ ሂዱ። ጊዜ አለ ብላችሁ አትቆዩ፣ ብዙ ሰው በዚያ ነው የሚያልፍበት። አንቺ ከአራስ ቤት ስትወጪ በቂ ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ በአማርኛ ደሴ በእሳቱ ሰ ነው፣ እንድሪስም እንደዚያው። ሰይድም በእሳቱ ሰ። መዝጋቢው አንዱን በንጉሡ ሠ ከጻፈ እዚያው ሳትወጡ አስተካክሉ። የአባትና የአያት ስም ደግሞ የባለቤትሽ መታወቂያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። «ሰይድ» እና «ሰኢድ» ተብሎ የተለያየበት ሰው ስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ፣ ከዚያ ፓስፖርት ላይ ሲመላለስ አይቻለሁ። ስም ማስተካከል ፍርድ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ነገር ነው።

በእንግሊዝኛው ሁለቱም ያስኬዳል። ዋናው ዛሬ የመረጣችሁትን እስከ መጨረሻው አለመቀየር ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ እንደ ከተማው በሁለት ኤስ ጻፉት፣ ሰው ሳይነገረው አስተካክሎ ያነበዋል። በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱና ለመዝጋቢው አሳዩት፣ በቃል ብቻ አትንገሩት።

የኮምቦልቻዋ አራስ

ጻፍኩት። ከልደት ወረቀቱ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ያላችሁ ሁሉ ኑ፣ ከሶዶ የመጣኸው ወንድሜ አንተ በተለይ። በውስጥ መልእክት አድራሻውን እልክልሃለሁ።

ከሶዶ የመጣሁ

እመጣለሁ። እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ።